ጨው የሌለበት ቤት

በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከጉዞ የተመለሰ ሰው ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ምን በላሽ፣ ምን አመጣሽ። እኔ ከሐርጌሳ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሁለት ልጆችና አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ ነበር። ይህን በአንድ የሻይ ዕረፍት አስረድቶ መጨረስ ስላልተቻለኝ በቅደም ተከተል ልጽፈው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ወንድሜ ጀማል ሐርጌሳ፣ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው፤ እዚያው አግብቶ ወልዷል። ጉበቱ ውስጥ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ የኖረ ቫይረስ ቀስ በቀስ ጠባሳ አድርጎታል። ጠባሳ የሆነ ጉበት ደም ማጣራት ያቅተዋል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሰው አንዳንዴ የገዛ ልጁን ስም ይረሳል። ሐኪሞቹ የቀረው መንገድ ንቅለ ተከላ ብቻ ነው ብለውታል። ጉበት ደግሞ ልዩ ጠባይ አለው፤ ከጤነኛ ሰው ቆርጠው ለታመመው ቢሰጡት በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። ይህን ሥራ በአቅራቢያችን የሚሠራ ሆስፒታል አላገኘንም። ነገር ግን ከባሕር ማዶ አንድ የጉበት ስፔሻሊስት ለሁለት ቀን ሐርጌሳ መጥቶ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሕሙማንን እያየ ለንቅለ ተከላ ፕሮግራሙ እንደሚመዘግብ ሰማን። ለጋሹም አብሮ ይምጣ ተባለ።

ጀማል ደሙ ኦ ነው፤ ኦ ከኦ ብቻ ይቀበላል። የሥጋ ወንድሙ ከድር፣ ዓረብ አገር የሚሠራው፣ ተመርምሮ ያው ቫይረስ እሱም ላይ ተገኘ። እናትና አባታቸው አርፈዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ደሜም ኦ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እኔ ስወለድ እናቴ በጠና ታምማ ሁለት ወር ተኛች። ጎረቤታችን እማ ዘሃራ፣ የጀማል እናት፣ ከከድር ጋር እያፈራረቀች አጠባችኝ። በሃይማኖታችን ከአንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም፤ ጀማል ፊት ያለ ሻሽ እቀመጣለሁ። በሰፈራችን ማንም «የጡት» ብሎ አይጨምርም። «እህቱ» ይባላል፣ ያበቃል።

እሁድ

በማለዳ በሚኒባስ ከድሬዳዋ ወጣሁ። በአረንጓዴ ፋይል ውስጥ አራት ነገር በቅደም ተከተል አስገብቻለሁ፤ የጀማል የምርመራ ውጤቶች፣ የእኔ የደም ምርመራ፣ «ፈቲያ የጀማል እህት መሆኗን እንመሰክራለን» ብለው የሰፈራችን ሽማግሌዎች የፈረሙበት ደብዳቤ፣ በመጨረሻም ለሐኪሙ ያዘጋጀኋቸው አሥራ አራት ጥያቄዎች።

ሚኒባሱ ዳገቱን ወጥቶ ሐረርን ካለፈ በኋላ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ይሄን ፋይል እንደ ሕፃን አቅፈሽው ወዴት ነው?»

ነገርኳቸው። እኔ አንዴ ማስረዳት ከጀመርኩ የማቆሚያውን ቦታ አላውቅም፤ ባቢሌ እስክንደርስ ስለ ጉበት የማውቀውን ሁሉ ሰሙ።

«ቆርጠው ሲሰጡት ያንቺ ይመለሳል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ አባባ፤ ያድጋል።»

«እንግዲህ ከሰው ገላ ውስጥ ቸሩ እሱ ነው በይኛ» አሉና መስኮቱን ወደማየት ተመለሱ።

ባቢሌ ላይ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ኦቾሎኒ ይዘው መኪናውን ከበቡት። በጨው የተቆላውን አንድ ትልቅ ከረጢት ገዛሁ። ጀማል ልጅ ሳለ ለዚህ ኦቾሎኒ ነፍሱን ይሰጥ ነበር።

ጅግጅጋ አደርኩ። የማረፊያው ባለቤት ኤዶ ሩቂያ የምትባል ወፍራም ሴት ናት። ቀጭን የድሬዳዋ ቀሚሴን አይታ ሳቀች። «ሐርጌሳን እንደ ድሬ መሰለሽ? ነፋሱ ይወስድሻል» ብላ የራሷን ሻል ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝ። አላውቃትም፤ አታውቀኝም። «ስትመለሺ ታመጪዋለሽ» አለች።

ሰኞ

ጠረፉ ላይ ከመኪና ወርጄ በእግሬ ተሻገርኩ። በዚህኛው በኩል ቶጎጫሌ፣ በዚያኛው ወጃሌ ይባላል። ማህተም አስመትቼ ወደ ሐርጌሳ የሚሄድ መኪና አገኘሁና እንደለመድኩት ከፊት በቀኝ በር ገብቼ ተቀመጥኩ። መሪው ፊቴ ነበር። ሹፌሩ ውጭ ቆሞ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ መንጃ ፈቃድሽን እንይ፤ እኔ ከኋላ ልተኛ» አለኝ፤ መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። አስረዱኝ፤ መኪኖቹ ከጃፓን የሚመጡ ስለሆኑ መሪያቸው በቀኝ ነው፣ የሚነዱት ግን እንደኛ በመንገዱ ቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ሌላ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ በግራ የተቀመጠውን ሰው «ከፊት አለ?» እያለ ይጠይቃል። በግራ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እስከ ሐርጌሳ ድረስ ግማሹን የነዳሁት እኔ ነኝ ማለት እችላለሁ።

ሐርጌሳ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት ፍየሎቹን ነው። የከተማዋ ባለቤት ይመስል በአስፋልቱ ላይ ይመላለሳሉ። ከተማዋን እንደ ድሬዳዋው ደቻቱ ያለ የአሸዋ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ይህን ሳይ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ሱቆቹ ግን እኩለ ቀን ላይ ተዘግተው የሚከፈቱት አመሻሽ ላይ ነው፤ በድሬም የቀትር እንቅልፍ አለ፣ እንደዚህ ያለ ጸጥታ ግን አላየሁም።

ባጃጁ ኮድቡር ውስጥ ካንድ ሰማያዊ በር ፊት አወረደኝ። ጀማል በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። ዓይኑ እንደ ሎሚ ቢጫ፣ ክንዱ እንደ ልጅ ክንድ ቀጭን፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። ልቅሶዬ እንዳያመልጠኝ ስታገል አይቶ ወደ ውስጥ ተጣራ። «ልጆች፣ ደብተር አውጡ፤ አስተማሪዋ መጥታለች።»

ሚስቱ ሆዳን ወጣች። በልጅነቷ ቤተሰቧ ተሰድዶ ጅግጅጋ ስለኖረ አማርኛዋን ከትምህርት ቤት ነው ያገኘችው፤ ቆጥባ ትናገራለች። የሰባት ዓመቷ ሙናና የአራት ዓመቱ ያሲን ተከትለዋት መጡ፤ «ኤዶ» ብለው ተጠመጠሙብኝ። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ለታላቅ ሴትም አክብሮት ይሆናል።

እራት ሩዝና የፍየል ሥጋ ቀረበ። አንዴ ጎረስኩ። ምንም ጣዕም የለውም። ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቀጥሎም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እማ ዘሃራ ብትኖር ኖሮ ልጇ እንዲህ ያለ ምግብ አይበላም ነበር ብዬ አሰብኩ።

«ጨው ይኖራል?» አልኩ።

ልጆቹ እናታቸውን አዩ። ሙና፣ «ኤዶ፣ እኛ ጨው የለንም» አለች።

አልቆባቸው ነው ብዬ ነገሩን ለማለፍ ኦቾሎኒውን አወጣሁ። ጀማል ከረጢቱን አሸተተው፤ ከዚያ ለሆዳን አቀበላት። እሷም ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከልጆቹ ቁመት በላይ አስቀመጠችው።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ረቡዕ ስለሚያየን ቀኑ ነፃ ነበር። ጠዋት ሙናን ወደ ትምህርት ቤቷ ስሸኛት ጨዉን ጠየቅኳት።

«አባ ጨው ተከልክሏል። ሆዱ ውኃ ይሞላል።»

«እናንተስ?»

«እማ ብቻውን አይበላም አለች። ሁላችንም ተውን። ከረመዳን በፊት ነው የተውነው።»

ስቆጥረው ሰባት ወር ሆኖታል። የባዮሎጂ አስተማሪዋ እኔ ስለ ንቅለ ተከላ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ውኃ የቋጠረ ሰው ጨው እንደሚከለከልም አንብቤ ነበር። ባቢሌ ላይ ግን ትዝ አላለኝም።

ከሰዓት በፊት ከጀማል ጋር ሱቁ ሄድን። ብዙ አይሠራም፤ መቀመጡን ግን ይወዳል። ቀዶ ጥገናውን በሥዕል ላስረዳው ብዬ የልብስ ሰፊ ጠመኔውን ወስጄ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጉበት ሳልኩ፤ የሚቆረጠውን በነጠብጣብ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ከአንድ ጨርቅ ሁለት ልብስ ማውጣት ነው።»

«ልክ ነው።»

«ፈቲያ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው መቀስ ከያዝኩ። ጨርቁን ሳታይው አትቁረጪ ነው የሚባለው።» በቀልድ መልክ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልቀለደም። «ፈርተሻል?»

«አዎ» አልኩት። ለተማሪዎቼም ለጀማልም ዋሽቼ አላውቅም።

ስንነጋገር አሥራ አራቱ ጥያቄዎች የተጻፉበትን ወረቀት ሱቁ ደጃፍ አግዳሚው ላይ አስቀምጬው ነበር። ዞር ስል አንዲት ነጭ ፍየል እስከ ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ ድረስ በልታዋለች። ሮጬ ልቀማት ስል የቀረውንም ዋጠችው። ከማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴት በሶማሊኛ አንድ ነገር አለች፤ ጀማል እየሳቀ ተረጎመልኝ። «ፍየሏ አሁን ተምራለች፤ መልሱን እሷን ጠይቂ ነው የምትልሽ።» ሲስቅ ሆዱን ያመው ነበር፤ ግን ሳቀ።

ረቡዕ

ክሊኒኩ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቷል። ከቡራኦ፣ ከበርበራ የመጡ አሉ። እያንዳንዱን ታማሚ ስድስት ሰባት ሰው አጅቦታል፤ እዚህ አገር ሰው ሲታመም ጎሳው ይሰበሰባል። እኛ ሦስት ነበርን፤ ጀማል፣ እኔና የጀማልን የመድኃኒት ሽሮፕ ጠርሙስ የያዘችው ሆዳን። ሆኖም አጠገባችን የነበሩት የማናውቃቸው ቤተሰቦች ሻይ ሲያስመጡ ለኛም አስመጡ፤ አንድ ሽማግሌ ጀማልን ትራስ አስደገፉት።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አጠገቡ የፕሮግራሙ አስተባባሪ የሆነች ሴትና አንዲት የሐርጌሳ ነርስ ተቀምጠዋል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር። የጀማልን ውጤቶች በቅደም ተከተል ሲያገኛቸው ሐኪሙ «ይህን ፋይል ማን አዘጋጀው?» ብሎ ጠየቀ፤ ደስ አለኝ። ደስታዬ አስተባባሪዋ ሁለቱን መታወቂያዎች ጎን ለጎን እስክታደርግ ቆየ።

«የአባት ስም ይለያያል። በእናት አንድ ናችሁ?»

«በጡት አንድ ነን» አልኩ።

አልገባቸውም። እኔ ማስረዳት ስጀምር ነርሷ ቀደመችኝ፤ እኔ አሥር ዓረፍተ ነገር የሚፈጅብኝን በአንድ ጨረሰችው። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን አከብራለሁ» አለ። «በአገሬ ሕግ ግን አንቺ ዘመዱ አይደለሽም። ዘመድ ያልሆነ ሰው እንዲሰጥ ኮሚቴ መፍቀድ አለበት፤ ሰው አካሉን እንዳይሸጥ ነው። ኮሚቴው ወራት ይፈጃል።» ከዚያ የሽማግሌዎቹን ደብዳቤ አነሳ። «ይሄ ወረቀት ደግሞ እህቱ ናት ይላል። ከመታወቂያው ጋር አብሬ ባቀርበው በገንዘብ የተገኘች እህት ነው የሚሉት፤ የእሱም ጉዳይ በዚያው ይዘጋል። መልሰሽ ያዢው።»

ፊቴ ነደደ። አንድም ቃል አልዋሸንም። ሽማግሌዎቹም አልዋሹም።

ከአሥራ አራቱ ጥያቄዎች ያኔ የታወሰኝ አንዱ ብቻ ነበር። «ምን ያህል መቆየት ይችላል?»

«ኮሚቴውን እንዲጠብቅ አልመክርም» አለ። ከዚያ በጣቱ ቆጠረ። «ሕጉ የሚቀበለው ወላጅ፣ የሥጋ ወንድምና እህት፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ። ሚስት አለህ?»

ነርሷ ተረጎመችለት። ጀማል «ልጆች አሏት» አለ።

ጥያቄው ያ አልነበረም። ግን ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ መልስ አድርገን ተቀበልነው። ሆዳን ከኋላችን ጠርሙሱን ይዛ ቆማ ነበር፤ ዞሮ ያያት የለም። ሐኪሙ እስከ ነገ ማታ ሐርጌሳ እንደሚቆይ ነግሮ አሰናበተን።

ቤት ስንገባ ጀማል ተኛ። ማድ ቤት ገብቼ ሆዳን አጠገብ ተቀመጥኩ። ካሮት ትልጣለች። ኮሚቴው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ማስረጃ ልንሰበስብ እንደምንችል ማስረዳት ጀመርኩ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣

«ደሜ ኦ ነው» አለች።

«ምን?»

«ያሲንን ስወልድ ነገሩኝ።»

«ለምን አልተናገርሽም ሆዳን?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማን ጠየቀኝ? ከድር ተመረመረ፣ አንቺ ተመረመርሽ። ሦስት ወር በስልክ ስታስረጂ ‹ከቤተሰብ፣ ከሥጋ ዘመድ› ነበር የምትዪው። ስለ ደም ሲወራ ሚስት ባዳ ናት። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። እስከ ዛሬ።»

ማስረዳቱን ትቼ ቢላዋውን አነሳሁና ካሮቱን መላጥ ጀመርኩ። ይህ ለእኔ ብርቅ ነው።

ሐሙስ

በጠዋት እኔና ሆዳን ለጀማል ሳንነግረው ክሊኒኩ ሄድን። ደሟ ኦ፤ ቫይረሱ የለባትም። ሐኪሙ ሆዷን በአልትራሳውንድ አይቶ የቀረው ምርመራ እሱ አገር ባለው ሆስፒታል እንደሚሠራ ነገራት። «የደም ሥርሽ አቀማመጥ ወይም የጉበትሽ መጠን ላይስማማ ይችላል። ላንቺም አደጋ አለው፤ ትንሽ ነው ግን አለ። ማንም ካስገደደሽ ለኔ ብቻ ንገሪኝ፤ አይመቻትም ብዬ እጽፋለሁ።» ነርሷ ስትተረጉምላት ሆዳን ፈገግ አለች። «ያስገደደኝ የለም። የከለከለኝ እንጂ አለ።»

ያ ከልካይ፣ ጀማል፣ አመሻሽ ላይ ስንነግረው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «አይሆንም» አለ። የሆዳን ታላቅ ወንድም አብዲ መጥቶ ነበር፤ በሬ የሚያክል፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ያለሱ ፈቃድ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይደረግ ሆዳን ቀድማ ነግራኛለች።

«ሁለታችንም እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ከተኛን» አለ ጀማል፣ «ልጆቹን ማን ይይዛል? አንዳችን ብንቀር?»

አብዲ ተከዘ። የእሱና የሆዳን እናት አርጅታለች፤ ገጠር ከብት ጋር ነው የምትኖረው፤ ሙና ትምህርት አላት።

«እኔ» አልኩ። «ድሬዳዋ ወስጄ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። ያሲንን እናቴ ትይዘዋለች።»

አብዲ በሰባራ አማርኛ፣ «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው። አሁን ግን አላስረዳሁም። «እናቱ አጥብታኛለች» ብቻ አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጀማል ዞረ። «ስማ ሴዲ» አለው፤ ሴዲ አማች ነው፤ ቀጥሎ በሶማሊኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ሆዳን ሳቅ እያፈናት ተረጎመችልኝ፤ «የኔ እህት ጉበቷን ስትሰጥህ ያንተ እህት ልጅ ብትይዝ ምን ይበዛባታል? ዝም ብለህ ታመም።»

ጀማል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ሌላ ሌላ ነገር ማየት ጀመርን።

ዓርብ

ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎረቤቶች እየመጡ ዱዓ አደረጉ። ጀማል፣ «የትምህርት ቤትሽ የደንብ ልብስ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሰማያዊ ጨርቅ አስመጥቶ ሙናን ለካት። አንድ እጅጌ ይሰፋል፣ ይተኛል፤ ይነሳል፣ ሌላውን ይሰፋል። ላግዝህ ቢሉት እምቢ አለ። ሲመሽ ጨርሶ ሰጣት፤ ከጉልበቷ በታች አራት ጣት ረዝሟል። «አንድ ዓመት እንዲበቃት ነው» አለ። ሆዳን ሰምታ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋ በሰፋፊ ስፌት ጠቀመችው። «ቶሎ ትመጫለሽ፤ በልክሽ ይሁን» አለቻት።

ቅዳሜ

አብዲ እስከ ወጃሌ አደረሰን። ከመነሳታችን በፊት ቤት ስንሰናበት ሆዳን ልጆቿን ሳመች፤ ኦቾሎኒውን ከቁም ሳጥኑ አውርዳ ለሙና ሰጠቻት። «አሁን ብሉት» አለች። ሙና ከረጢቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው። አልከፈተችውም።

ጠረፉ ላይ አንድ መኮንን የጀማልንና የሆዳንን የስምምነት ደብዳቤ፣ ቀጥሎም የእኔን መታወቂያ አየ። «ልጆቹ ምንሽ ናቸው?»

ደብዳቤው ላይ አደራ የተቀበለች እንጂ አክስት የሚል አልተጻፈም፤ ያን ትምህርት ክሊኒኩ አስተምሮኛል። «የወንድሜ ልጆች ናቸው» አልኩ፤ ፈራሁና ጨመርኩ፣ «በጡት።»

ብዕሩን አቆመ። «ስንቴ አጠባችሽ?»

«ሁለት ወር ሙሉ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?» አለና ማህተሙን መታ። «አክስታቸው ነሽ። እለፉ።»

ጅግጅጋ ሻሉን መለስኩ። ኤዶ ሩቂያ ሁለቱን ልጆች አይታ፣ «አንድ ሻል ሰጥቼሽ ሁለት ሰው ይዘሽ መጣሽ» አለች፤ ለያሲን ወተት አጠጣችው፤ ሻሉንም መልሳ አለበሰችው።

ጀማልና ሆዳን ወደ ሐኪሙ አገር ከተጓዙ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ሆዳን የቀሩትን ምርመራዎች አልፋለች፤ የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጧል፣ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ሙና ክፍሏ ውስጥ አማርኛ ፊደል ከሁሉ ቀድማ ጨርሳለች።

ድሬዳዋ በደረስን ማታ እናቴ ምስር ወጥ ሠርታ ጠበቀችን። ሙና አንዴ ጎርሳ አቆመች። «ኤዶ፣ ጨው አለው» አለች በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳያፍር። እናቴ እንድነግራት አየችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ቤታችን ያለ ጨው ይበላል። አባቴ በየእራቱ አንድ ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ይበላል። ኦቾሎኒው የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ያሲን በየቀኑ መጥቶ ያየዋል፣ በእጁም ይዳስሰዋል፣ ወደ ቦታውም ይመልሰዋል።